አጥንት ለምትቆጥሩ የሸዋ ሰዎች

የደብረ ብርሃን፣ የመንዝ፣ የተጉለትና የሞረት ወገኖቼ ሆይ! ሰርግ በደረሰ ቁጥር በየጓዳችን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምትጠየቅ ጥያቄ አለች፤ «ዘራቸውን አጣርታችኋል?» ጠያቂው ዙሪያውን ተገላምጦ ነው የሚጠይቃት። ማፈሩን ያውቃል፤ ግን ይጠይቃል።

ሰባት ቤት መቁጠር ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ አባቶች ያበጁት ጥንቃቄ ነበር። እኛ ወንፊት አደረግነው። ቅድመ አያት ድረስ የምንወጣው ወናፍ የነፋ፣ ሸክላ የጠፈጠፈች፣ ቆዳ የፋቀ ወይም በባርነት የተሸጠ መኖሩን ልናጣራ ነው። ከተገኘ «ጨዋ አይደሉም» ይባልና ነገሩ ያበቃል። ጨዋ ማለት ለእኛ እንግዲህ ምንም ያልሠራ ሰው ነው!

በምኒልክ እንኮራለን። አንጎለላ የእኛ ናት፣ አንኮበርም የእኛ ናት እንላለን። እኚሁ ንጉሥ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩትን አዋጅ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የሰው ሁሉ አባትና እናት አዳምና ሔዋን ናቸው ብለው፣ ብረት የሚሠራውን «ጠይብ» እያሉ መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛውን የሰደበ እኔን ሰደበ አሉ፤ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። እንዲህ ያለው ስድብ አገርን ባዶ እንደሚያስቀርም ተናግረዋል። መቶ ዓመት አለፈው። በየዓመቱ ለዓድዋ ፎክረን ስንመለስ በመንገዳችን ያለውን ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው፣ ልጁን አያይብህ» የምንል ሰዎች ነን።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ባርነትን የሻረው አዋጅ የ1934 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ፣ በሀብቱም ሆነ በትውልዱ ልዩነት እንዳይደረግበት ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ እንቅፋት የሚሆኑትን ይዘረዝራል፤ ዕድሜ አለበት፣ የሥጋና የጋብቻ ዝምድና አለበት፣ በሌላ ጋብቻ መታሰር አለበት። የአያት ሙያ የለበትም። ፈልጉት፣ አታገኙትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታን በባለሥልጣናት ላይ ብቻ አልተወውም፤ ዜጎችንና ማኅበራትን ጨምሯል። «እነርሱ የራሳቸው ዕድር አላቸው» እያላችሁ አመልካች የምትመልሱ የዕድር ዳኞች፣ ማኅበር የተባለው የእናንተንም ይጨምራል።

በእርግጥ ሕጉ እንዴት እንደሚከሽፍ እኛ ጠንቅቀን እናውቃለን። ስድብ በወንጀል ያስቀጣል፤ የሚያስቀጣው ግን ተሰዳቢው አቤት ሲል ነው። እስቲ ማን ነው ወረዳ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ «ጠይብ ተባልኩ» ብሎ የሚከሰው? ክሱ ራሱ ስድቡን በችሎት ያስነግርለታል። ልጆቹ ደግሞ ገና አላገቡም። ስለዚህ ዝም ይላል። እኛም ዝምታውን አይተን «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» እንላለን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ብረት በወናፍ ሲግል ሠሪው ጠይብ ነው፤ ያው ብረት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቶ በኤሌክትሪክ ሲበየድ ሠሪው ቴክኒሽያን ይባላል፣ ልጃችንን ልንድርለት እንሽቀዳደማለን። በርኖሱን ለብሰን እንጀነናለን፣ ባናውን ለብሰን የመንዝን ውርጭ እናልፋለን፤ በምጣዱ ጋግረን፣ በጀበናው አፍልተን፣ በማጭዱ አጭደን እንበላለን። ሠሪውን ግን በገበያው ዳር፣ ከሰው ነጠል ብሎ እንዲቀመጥ እንፈልጋለን።

እናንተን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጎረቤት ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነበር። ልጅቷ የተማረች፣ ምግባሯ የተመሰገነ፣ ልጁም የሚወዳት ናት። አባቷ አንጥረኛ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመን በክብር ተቀበለን፣ ጠላ ቀዳልን፣ ቀን ቆርጠን ተነሣን። ስንመለስ ከላኪዎቹ ቤት የልጁ አያት ያችን ጥያቄ ጠየቁ። አንዱ ሽማግሌ መለሰ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ሕገ መንግሥቱን አውቃለሁ፣ የምኒልክንም አዋጅ አውቃለሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። የተቆረጠው ቀን ደረሰ፤ ማንም አልሄደም። ይቅርታ እንኳ የላከ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ማረሻዬ ዶለዶመ። ከአካባቢያችን እንደ እርሱ የሚሠራ ስለሌለ ወደዚያው ሰው ወሰድኩት። እየቀጠቀጠ ስለ ዝናቡ አወራን። አሹሎ ሰጠኝ፣ ዋጋውን ተቀበለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ እስከ በሩ ሸኘኝ። ስለ ሴት ልጁ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።