ከገባ ይሠራል

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ቤታችን ውስጥ ተአምር ታየ። የእህቴ ልጅ ታብሌቷን ሰክታ ካርቱን ስታይ አመሸች። ስትጀምር ባትሪው 31 በመቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ገመዱ ሳይነቀል፣ መብራት ሳይሄድ፣ ያቺ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ጥግ ላይ ቦግ ብላ እያለች፣ 22 በመቶ ገባ። እየገባለት የሚጎድል ነገር እስከዚያች ማታ ድረስ የማውቀው ደመወዜን ብቻ ነበር።

ቻርጀሩን የገዛሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ወቀሳ አያምርብኝም፤ የሚያምርብኝ ምስጋና ነው። ምስጋናዬም አገር ምድሩን ላዳረሰው፣ ሁላችንም ሳንማር ለተመረቅንበት፣ "ከገባ ይሠራል" ለሚባለው ጥበብ ይሁን።

ጥበቡን እናንተም ታውቁታላችሁ። ካፌ ውስጥ አንዱ አንገቱን ያሰግግና "ታይፕ ሲ የያዘ?" ይላል። ከሦስት ጠረጴዛ ገመድ ይዘረጋለታል። "ስንት ዋት ነው?" ብሎ ጉልበቱን የሚጠይቅ የለም። የሰው ቻርጀር ለምኖ ዋት መጠየቅ፣ ጠበል ጠዲቅ ተጠርቶ የጠላውን ጌሾ እንደ መመርመር ነውር ነው። ቀዳዳው ከተቀበለ አለቀ። ስልኩ፣ ታብሌቱ፣ የጢም መላጫው፣ የእጅ ባትሪው ከአንድ ዲቫይደር ላይ፣ አንዲት እናት እንደሚጠቡ ቡችሎች ተደርድረው ያድራሉ።

ታይፕ ሲ የሚባለው መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ መሐንዲሶቹ ምን ያህል በከንቱ እንደደከሙ ሳስብ ያሳዝኑኛል። በዚያች ጠፍጣፋ ቀዳዳ ውስጥ 24 ጥቃቅን መገናኛዎች ደረደሩ። ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ ቻርጀሩና ታብሌቱ አስቀድመው የሚነጋገሩበት ሥርዓት አበጁ። ደህና ቻርጀር ሳይጠይቅ አያጎርስም። በ5 ቮልት ይጀምርና "9 አለኝ፣ 15 አለኝ፣ 20 አለኝ፤ የቱ ይስማማሃል?" ይላል። ታብሌቱ አቅሙን አይቶ ይመርጣል። ተራው አይፓድ 20 ዋት ቻርጀር ይዞ ሲመጣ፣ የሳምሰንግ ታብ ኤስ 8 እስከ 45 ዋት ይቀበላል፤ ርካሾቹ በ10 እና በ15 ይጠግባሉ። ይህ ሁሉ ምክክር ግን ለፈረንጅ ነው። እኛ ዘንድ ጉርሻ ሲመጣ አፍ ይከፈታል እንጂ አይጠየቅም።

የኔው ቻርጀር ፊቱ ላይ በወፍራሙ "65 ዋት" ተብሎ ተጽፎበታል። ከጀርባው፣ ነጭ ላይ በአመድማ ቀለም፣ ጉንዳን በመነጽር በምታነበው ፊደል ደግሞ "5 ቮልት፣ 2 አምፔር" ይላል። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ነው። አምስት ሁለቴ አሥር። ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርነው።

ታዲያ 55 ዋት የት ሄደ? ሥጋ ቤት ገብታችሁ አንድ ኪሎ ቁርጥ አዝዛችሁ 154 ግራም ቢቀርብላችሁ ምን ትላላችሁ? ሂሳቡ ያው ነው፤ አባዝቼ አይቼዋለሁ። አንድ ኩንታል ጤፍ ከፍላችሁ 15 ኪሎ ቢሸከሙላችሁ ወፍጮ ቤት ድረስ በሰላም ትሄዳላችሁ? ከመገናኛ ሜክሲኮ ብሎ የጫነ ታክሲ ሃያ ሁለት እንኳን ሳይደርስ "መጨረሻ!" ቢል ረዳቱ በር ላይ ይቆማል? ለ65 ሰው የሠርግ ጥሪ በትኖ 10 ወንበር የደረደረ ደጋሽ ሚዜዎቹን የት ያስቀምጣል? ስድስት ሜትር ተኩል ጨርቅ ለቀሚስ ገዝታችሁ አንድ ሜትር ቢቆረጥላችሁ፣ ልብስ ሰፊው ለየትኛው እጅጌ ያደርገዋል? (ይቅርታ፣ ይህ ነገር ሲይዘኝ አይለቀኝም። ባለቤቴ በጫማ ቁጥርም አስልቼ ስነግራት መብራቱን አጥፍታ ተኛች።) ሥጋ ቢሆን እንጣላለን፤ ጤፍ ቢሆን ሽማግሌ እንሰበስባለን፤ ዋት ሲሆን ግን "ትንሽ ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል" ብለን እንመርቃለን። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኛ ቁርበቱን ብቻ ሳይሆን ትራስም ጨምረንለታል።

የመሥሪያ ቤታችንን ሊቅ ሳላመሰግን ማለፍ ግፍ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እናንተም ቢሮ አይጠፋም። "15 ዋት የሚበላ ታብሌት 65 ዋት ላይ ከሰካኸው ተቃጠለ በለው" ይላል፣ ጣቱን አንስቶ። ታብሌት የሚወስደው የሚፈልገውን ብቻ መሆኑን ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ሙሉ ጋን ጠላ ስለቀረበለት በጣሳ የሚጠጣ ሰው ሰጥሞ አያውቅም፤ ግን ለሊቁ ይህ አይገባውም። ያው ሊቅ ማታ ራስጌው ላይ ምን ሰክቶ እንደሚተኛ ልንገራችሁ? ፊቱ 65፣ ጀርባው 10፣ ሆዱ ምን እንደያዘ የማይታወቀውን። እውነተኛውን 65 ይሸሻል፤ ከውሸቱ ጋር ግን ትራስ ይጋራል።

በእጁ የሚመዝነውም አለ። ቻርጀሩን መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ያነጥርና "ይከብዳል፣ የዱባይ ነው" ይላል። ከበድ ካለ የዱባይ፣ ቀለል ካለ የቻይና ነው። ሁለቱም ዕቃ ከአንድ አገር እንደተጫነ ንገሩትና ወዳጅነታችሁ ያብቃ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ የላከችው ደህናው ቻርጀር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። 100-240 ቮልት የሚል ግልጽ ጽሑፍ አለው፤ የኛን 220 ያለ ችግር ይችላል። ጥፋቱ እግሩ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። አይገባማ! ያልገባ አይሠራም።

ገመድማ ገመድ ነው፤ እሱን ማን ያስተውላል? ቤንሰን ለንግ የሚባል የጉግል መሐንዲስ ግን ያስተውል ነበር። በበይነ መረብ የሚሸጡ የታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዛ ሲፈትሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አንዱ ገመድ ላፕቶፑን አቃጠለበት። ውስጡ ሲታይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገለባብጦ ነበር። ገመዱ ግን በደንብ ገብቶ ነበር፤ እሱን ማንም አልካደም። አውሮፓውያንም ከታኅሣሥ 2024 (በእነሱ አቆጣጠር) ወዲህ ታብሌት ሁሉ በታይፕ ሲ እንዲሞላ፣ ካርቶኑም ላይ ከስንት እስከ ስንት ዋት እንደሚፈልግ እንዲጻፍ በሕግ አስገድደዋል። ሻጭ አጥተው ነው ሕግ ያወጡት። እኛ ግን "እመነኝ" የሚል አለን።

ማክሰኞ ማታ ግን ቻርጀሩን ስነቅለው ጣቴን ፈጀኝ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ደህና ቻርጀር ውስጥ ያ ኃይል ወደ ገመዱ ከሚሄደው 5 ቮልት በብዙ ሚሊ ሜትር ክፍተትና በወፍራም መከላከያ ይለያል። አስመስለው የሚሠሩት ተከፍተው ሲታዩ ያ ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ያልሞላበት ተገኝቷል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ወዲያ ግድግዳው አለ፤ ወዲህ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ የጣላት የስድስት ዓመት ልጅ። ይህን እያወቀ "65" ብሎ የሚያሳትም ቀልደኛ አይደለም። እያወቀ የሚያስመጣም ነጋዴ አይደለም። እኔም ጀርባውን ሳልገለብጥ ገዝቼ ልጅ አልጋ አጠገብ የሰካሁት፣ "ተታለልኩ" ብዬ የማመልጥበት መንገድ የለኝም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናው።

ረቡዕ ዕለት ወደ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ በፈገግታ ተቀበለኝ። ሲሸጥልኝ ያደረገውን ሥርዓት እዚያው ለሌላ ገዢ ሲደግመው ደረስኩ፤ ይሰካል፣ መብረቋ ቦግ ትላለች፣ "አዩ እናቴ፣ ገባ" ይላል፣ ይነቅላል፣ ብር ይቀበላል። ሙሉ ምርመራው አራት ሰከንድ ይፈጃል። ሴትየዋ መርቃው ወጣች።

"ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ይህን ከአንተ ነው የገዛሁት። ከጀርባው 10 ዋት ነው የሚለው።"

ተቀብሎኝ በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አየው። ከልቡ ነው የተገረመው፤ ስንት መቶ ሸጦ ገልብጦት አያውቅም።

"ጋሼ ደግሞ፣ የኋላውን ማን ያነባል?"

"የፊቱስ 65?"

"እሱማ ሞዴሉ ነው።"

ብር መመለስ በዚያ ሱቅ ልማድ አይደለም፤ ግድግዳው ላይም ተለጥፏል። ልጁ ግን እኔን ማስቀየም አልፈለገም። ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ አለና በላስቲክ የታሸገ ሌላ አወጣ።

"ትንሽ ጨምረው ይህን ይውሰዱ። የ100 ዋቱ ነው፣ ትናንት ነው የገባው፣ ኦሪጅናል።"

"ጀርባውን አሳየኝ።"

ላስቲኩን ቀድዶ ገለበጠው። ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየ፣ በአውራ ጣቱም አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ፊቱ በራ።

"አያስቡ ጋሼ፣ በዚህኛው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ንጹሕ ነው።"