ማስተካከያ፦ በቬሪሎግ-ኤኤምኤስ (አናሎግና ዲጂታል ሰርኪዩቶች በጽሑፍ በሚገለጹበት ቋንቋ) ስለሚሠሩ የሪል ቁጥር ሞዴሎች
ድሬዳዋ ላሉ የኤሌክትሮኒክስ ሠልጣኞች ቀደም ሲል በታደለው የላቦራቶሪ መምሪያ ላይ፣ በሪል ቁጥር የሚሠራ ሞዴል የኪርኾፍን ሕጎች (በሰርኪዩት ውስጥ የከረንትና የቮልቴጅን ሚዛን የሚወስኑትን) ጠብቆ ያሰላል ተብሎ የሰፈረው ትክክል ስላልሆነ በሚከተለው ይታረም። እንዲህ ያለው ሞዴል ቮልቴጅን እንደ አንድ ቁጥር ቆጥሮ፣ ለውጥ በተከሰተ ጊዜ ከብሎክ ወደ ብሎክ ያስተላልፈዋል እንጂ ከረንትን አያመዛዝንም፤ የኪርኾፍን እኩልታዎች በየጊዜ እርምጃው የሚፈታው የአናሎጉ ሶልቨር (የሲሙሌተሩ እኩልታ ፈቺ ክፍል) ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የውስጥ ሬዚስታንሱ 1 ኪሎ ኦም የሆነ የ5 ቮልት ምንጭ 1 ኪሎ ኦም ጭነት (ከምንጩ ከረንት የሚወስድ ክፍል) ሲገጠምለት ውጤቱ 2.5 ቮልት መሆን ሲገባው፣ የጭነቱ ስሌት በሞዴሉ ውስጥ አብሮ ካልተጻፈ 5 ቮልቱ እንዳለ ያልፋል። ሞዴሉ በፍጥነቱ እጅግ ጠቃሚ ነውና (ረጅም የዲጂታል ፍተሻ ያለ እርሱ አድካሚ ነው) በእርሱ መጠቀሙ አይቅር፤ ሆኖም ማጣሪያና አምፕሊፋየር የሚገናኙበት ቦታ፣ አንዱ ለሌላው ጭነት ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ በአናሎግ ሞዴል ይረጋገጥ።