ለእኔ ገንዘቡ ይሻለኛል
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳለፈውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሕግ ረቂቅ "ለሠራተኛ አማራጭ ነው" ይላል። አልስማማም። ረቂቁ ለትርፍ ሰዓት ሥራ በክፍያ ፈንታ እረፍት ይፈቅድ ነበር፤ ለ1 ትርፍ ሰዓት የአንድ ሰዓት ተኩል እረፍት። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ሠራተኛው ለእረፍት የጠየቀው ቀን ሥራ የሚያውክ ከሆነ አሠሪው መከልከል ይችል ነበር።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። የቤት ኪራዬን የሚሞላልኝ ከ40 ሰዓት በላይ ስሠራ የማገኘው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ክፍያ ነው። ለእናቴም የምልከው ከሱ ነው። በገንዘብ ፈንታ እረፍት ለመውሰድ የሚደረገው ስምምነት በፈቃደኝነት ነው ይባላል። አገሩን ገና ያልለመደ ሰው ግን አለቃው ፊት ቆሞ "አይ፣ ገንዘቤን ስጡኝ" ይላል? ሺፍት ይቀንሱብኛል ብሎ ይፈራል፤ እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ሴኔቱ ረቂቁን ሳያጸድቀው በመቅረቱ እፎይ ብያለሁ።