ከየትኛው ጦርነት በፊት?

ኒው ዮርክ ያለችው የአክስቴ ልጅ የሚሸጥ ቤት ማየት ትወዳለች። አትገዛም። ሌላው ሰው ከሥራ መልስ ድራማ እንደሚያየው፣ እሷ ቤት ታያለች። ባለፈው እሑድ የአንዱን ፎቶ ልካ በድምፅ አስከተለች። «አፐር ዌስት ሳይድ ነው፣ የሀብታም ሰፈር። ስፋቱ! ጣሪያው! ደግሞ እኮ ፕሪ ዋር ነው!»

እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። «መጨረሻ ላይ ምንድን ነው ያለችው?»

«ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው ነው የምትለው።»

መቁላቷን አቆመች። «ከየትኛው?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደሴ ተቀምጠህ «ጦርነቱ» ካልክ ዓመቱንም ጨምር። ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት በ1909 ነው። ጣሊያን ከተማዋን በአውሮፕላን የደበደባት በኅዳር 1928። ከዚያ 83 አለ፣ ከዚያ 2014 አለ። ጎረቤታችን ሐጂ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ «ትልቁ ከጦርነቱ በፊት፣ ትንሹ ከጦርነቱ በኋላ» ይላሉ። የትኛው ጦርነት እንደሆነ ለማወቅ የልጆቹን ሽበት ማየት ነው።

እኛ ቤት ፕሪ ዋር የሚባል ቢፈለግ ቴሌቪዥኑ ነበር። በ2014 ከስደት ስንመለስ የጠበቀን የተሰቀለበት ሚስማር ብቻ ነው። ሚስማሩ እስካሁን አለ። ዋጋ ግን አልጨመረም።

የኒው ዮርኮቹ ጦርነት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከእሱ በፊት የተሠራ አፓርትማ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ይወደዳል። አንድ ቦምብ እንኳ ሳይወድቅባቸው ቤታቸውን በጦርነቱ ስም ይሸጡበታል! ስድስት ክፍል ያለው «ክላሲክ ሲክስ» ይባላል። ሳሎን፣ የመመገቢያ ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ስድስተኛዋ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለች የሠራተኛ ክፍል ናት። እማዬ ይሄን ስትሰማ «ሰርቪሱን ቤት ውስጥ አስገቡት በለኛ» አለች።

እኔን የገረመኝ ግን ማሞቂያው ነው። በእንፋሎት ነው የሚሠራው። በብርድ ወራት ቤቱ እንደ ምጣድ ስለሚግል መስኮት ከፍተው ነው የሚተኙት። ብልሽት አይደለም። ያ ሁሉ ሕዝብ በኢንፍሉዌንዛ ካለቀ በኋላ የጤና ሰዎች «ንጹሕ አየር ይግባ፣ በብርድም መስኮት ክፈቱ» አሉ። መሐንዲሶቹም መስኮት ተከፍቶ የሚያሞቅ ማሞቂያ ሠሩ። ያው በሽታ እኮ ነው እኛን በ1911 የፈጀን፣ የኅዳር በሽታ የምንለው። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እናቃጥላለን። አንዱ በሽታ እነሱን ላብ፣ እኛን ጭስ አውርሶን ሄደ።

አቦሉ ሲቀዳ ሐጂ መጡ። ሁሌም ከመጀመሪያው ሲኒ ቀድመው አይመጡም፣ ዘግይተውም አያውቁም። ወሬው እሳቸውንም ይነካል፤ ፒያሳ አካባቢ ያለችውን የጣሊያን ጊዜ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው። የድንጋይ ቤት ናት። ግድግዳዋ ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቷ ላይ ሕፃን ተኝቶ ይገለበጣል። ጉሙ ሲነሳ የጦሳ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ጉሙ መቼ እንደሚነሳ አትጠይቁኝ።) አንዷ ጣውላ ስትረገጥ ትጮሃለች፤ ሐጂ ሌሊት የገባን ልጅ የሚይዙት በእሷ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሌላ ድምፅ ላከች። ለካ ያንን አፓርትማ የሚገዛ ሰው ቤቱን አይገዛም። ሕንፃው የማኅበር ነው፤ አክሲዮን ገዝቶ ነው የሚኖረው።

«ከፍሎ ከፍሎ ቤቱ የእሱ አይደለም?» አለች እማዬ።

«መሬቱስ መቼ የእኛ ሆነ?» አሉ ሐጂ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ሁለተኛዋ ቤታቸው የቀበሌ ሆና ቀርታለች። እስከዛሬ በፊቷ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩአትም።

ገና ነው። የኒው ዮርኩ ገዢ በነዋሪዎቹ ቦርድ ፊት ይቀርባል። የባንክ ደብተሩን፣ ግብሩን፣ ጠባዩን የሚመሰክር ደብዳቤ ያመጣል። ካልወደዱት ሚሊዮን ቢይዝም አይገባም። አንዳንዱ ጋ ውሻውም ይቀርባል።

እማዬ ሲኒውን አስቀመጠች። «ውሻውን ምን ብለው ነው የሚጠይቁት?»

«የማን ልጅ ነህ? ነዋ» አሉ ሐጂ። «እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል።»

ሳቅን እንጂ የእኛ ሰፈር ቦርድስ የት ይሄዳል። የሚሰበሰበው ረከቦት ዙሪያ ነው፣ ቃለ ጉባኤ የለውም። ባለፈው ቤት ሊያይ የመጣ አንድ ሰውዬ «ቡና ጠጡ» ሲባል ቸኩያለሁ ብሎ ወጣ። በቃ፣ ወደቀ። ብሩን ሳይቆጥር «ሠፈሩ አልተስማማውም» ተባለ። ሠፈሩን አየው እንዴ?

ቶናው ላይ ደላላው ደረሰ። ቡና የሸተተበት ቤት ሁሉ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ፕሪ ዋር የምትለዋን ቃል ሲሰማ ዓይኑ በራ። ሁለት ሦስት ጊዜ አፉ ውስጥ አገላበጣት።

«ሐጂ፣ አለቀልን! ቤቱን ፕሪ ዋር ብዬ ነው የማስተዋውቀው። ዋጋው ላይ ትንሽ እንጨምራለን።»

«ገዢው ከየትኛው በፊት ቢልህስ?» አልኩት። «ጣሊያን የሠራው ቤት እኮ ከጣሊያን ጦርነት በፊት አይሆንም።»

ትንሽ አሰበ። ቆሎ ዘገነ።

«ከሚቀጥለው በፊት ነው እላለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» አሉ። እማዬ «አፍህ ይቆረጥ፣ ሟርተኛ!» ብላ ሲኒውን ከፊቱ አነሳች። በረካውን ሳይጠጣ ሄደ።