ዱላ ስጧት ብሎ መገላገል አይቻልም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ስብሰባ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሐሳብ ይዘው መጡ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸው የሰሜን ሸዋ ሰዎች እንዳይወድቁ የሚረዳ ትምህርት በስልክ ቪዲዮ እንስጥ አሉ። አንድ ኃላፊ ተነሱና «ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው። የሚወድቅ ሰው ደግሞ ዱላ እንጂ ስልክ አያስፈልገውም» አሉ። በቃ፣ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ታናሽ እህቴ ይህ በሽታ አለባት። ስለዚህ ከዱላው ልጀምር።

መንዝ ላደገ ሰው ስለ ዱላ ነጋሪ አያስፈልገውም። ግን ትከሻ ላይ የሚጋደም ዱላና ሰውነት የሚደግፍ ምርኩዝ ለየቅል ናቸው። ምርኩዝ ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ሲንጠለጠል አንጓ ጋ መድረስ አለበት። የሚያዘውም ከደካማው እግር በተቃራኒ በኩል ነው። ይህን ለእህቴ የነገራት አልነበረም። ዓመት ሙሉ የአባታችንን ረጅም ዱላ በደካማው እግሯ በኩል ይዛ ሄደች። ያኔ የወደቀችውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዱላ ይበቃል የሚል ሰው አያያዙን ማን እንደሚያስተምር ይንገረኝ።

በሽታው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በብዛት መታየቱ እውነት ነው። እዚህ ግን ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል ሳይነሳ፣ ስሙ ሳይታወቅ ቤቱ የተኛውን ማን ቆጠረው? የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ዞሮ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን ሲያጠቃ አገር አይመርጥም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ3 ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ ይወድቃሉ።

የሚወድቁት ደግሞ በአብዛኛው ቤታቸው ነው። ኃላፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ አፋቸውን ሞልተው ባልተናገሩ። እህቴ ሆስፒታል ውስጥ ወድቃ አታውቅም። እዚያ ወለሉ ልሙጥ ነው፤ መያዣ አለ፤ ባለሙያው አጠገቧ ነው። የምትወድቀው ደጃፉ ላይ ነው። ረከቦት ይዛ ስትዞር ነው። ሰው እያነጋገረች ስትራመድ ነው። ሌሊት ሽንቷ አጣድፏት ጓሮ ስትወጣ ነው። ይህ በሽታ ሽንት ያጣድፋል። የደብረ ብርሃን ውርጭ እግሯን እንጨት ያደርገዋል። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ደግሞ ሙቀቱ ጉልበቷን ይቀማታል። ታዲያ ይቺን ሰው በአውቶቡስ አንገላትቶ፣ አድክሞ፣ ልሙጥ ወለል ላይ ሚዛን ማስተማር ምን የሚሉት ነው? ድካሙ ራሱ ይጥላታል። ስልክ ግን ቤቷ ይገባል። አስተማሪው ደጃፉን ያያል፤ ጨለማውን ያያል፤ ወንበር ይዛ እንዴት እንደምትነሳና እንደምትቀመጥ አይቶ ያርማታል። መውደቅ ፈርታ መራመድ ብትተው ደግሞ እግሯ ይበልጥ ይዝላል፤ የባሰ ትወድቃለች። የአሜሪካው ብሔራዊ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ማኅበር ፍሪ ፍሮም ፎልስ (ከመውደቅ ነፃ) የተባለውን ትምህርት በኢንተርኔት የሚሰጠው መንገድ አጥቶ አይደለም።

ኔትወርክ ይጠፋል ትሉኛላችሁ። ይጠፋል። በክልላችን ለወራት ጠፍቶ አይተናል። ግን አንዴ የወረደ ቪዲዮ ስልክ ላይ ይቀመጣል። ሜሞሪ ካርድ ላይ ተቀድቶ ከመሀል ሜዳ አለም ከተማ ይደርሳል። ዘፈኑ እንዲህ እየተቀዳ ይዳረስ የለም እንዴ?

ከስብሰባው ስንወጣ አንደኛዋን ባለሙያ አስቆምኳትና እህቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ጓሮዋን አሳየቻት። ልጅቷ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። «ጋሼ፣ ከደጃፉ እስከ ሽንት ቤቱ ጠንካራ መያዣ ይተከልላት። መብራትም ይግባ» አለችኝ። ቅዳሜ የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቼ ተከልኩት፤ ወገቧ ድረስ ነው። አምፖሉንም ሰቀልኩ። ኃላፊው ከፈለጉ መጥተው ይዩት፤ ቤቱን አሳያቸዋለሁ።