የካምፑ ቆሻሻ፦ ከምንጩ ይቀነስ ወይስ መድረሻው ይቅደም?

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን ደርድሮ ያደገ ሰው ስለ ወንዝ ሲወራ ጆሮው ይቆማል። አንገረብና ቀሃ ከተማዋን ግራና ቀኝ ይዘው ወርደው መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የፈሰሰ ዘይት፣ በጦር ካምፕ ግቢ ውስጥም ይሁን በከተማ ጋራዥ፣ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ዛሬ የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን የሠራዊት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን አዘዞ የሚኖሩ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ሁለተኛዋ በደረቅ ቆሻሻ ማኅበር ተደራጅታ የምትሠራ ወጣት ናት። ጥያቄው ይህ ነው፦ ካምፖች ዛሬውኑ ቆሻሻቸውን ከምንጩ መቀነስ ይጀምሩ ወይስ መጀመሪያ የሚረከብ ቦታ ይሠራ?

መካኒኩ፦

ያገለገልኩበትን ካምፕ ስም አልጠራም፤ ከጎንደርም ሩቅ ነው። ኦራል ለሰርቪስ ሲገባ ቡሎኑን ፈትተን ዘይቱን መሬት ላይ እንለቀው ነበር። አቧራ ያስተኛል እንል ነበር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያን መሬት አጥቦ ይወርዳል። አንድ ቀን ታች ወርጄ ቦዩን ሳይ፣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተዘርግቷል። አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ቅባቱን በእጇ ወደ ጎን እየገፋች፣ ከሥሩ ውሃ ትቀዳለች። ያ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው።

መከላከሉ ከባድ አይደለም። ከሞተሩ ሥር ሰፊ ሳህን አስቀምጥ። በርሜሉን ክደን፣ ጥላ ሥር ሲሚንቶ ላይ አቁመው። ዕቃ በቤንዚን ስታጥብ ሁለት ሳህን ያዝ፦ የመጀመሪያው እጥበት በአሮጌው፣ የመጨረሻው በንጹሑ። እኛ ይህን ስንጀምር የምንደፋው ቤንዚን በግልጽ ቀነሰ። ግምጃ ቤት ላይም ቀድሞ የገባ ቀለም ቀድሞ ይውጣ። ጊዜው አልፎበት የደረቀ ቀለም በጣሳ በጣሳ ሲጣል ያየሁት ብዙ ነው፤ ገንዘብም መርዝም አብሮ ይጣላል።

ያላደረጉት ምን እንደገጠማቸው ይታወቃል። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ካምፕ ሌጁን የሚባል የማሪን (የባሕር ኃይል እግረኛ) ወታደሮች ካምፕ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1987 የመጠጥ ውሃው በቅባት ማጽጃ ኬሚካልና በነዳጅ ተበክሎ ነበር። የጠጡት ወታደሮቹ ራሳቸው፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ናቸው። በፍርድ ቤት ካሳ ለመጠየቅ በር የከፈተው ሕግ የወጣው በ2022 ነው።

የማኅበሯ ሠራተኛ፦

ጋሼ፣ ስለ ልጅቷ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤን ነክቶታል። ግን እኔ ያየሁትንም ይስሙኝ።

አንድ ትልቅ ግቢ ቆሻሻውን ለይቶ ያስረክበን ጀመር። ፕላስቲኩ በአንድ ጆንያ፣ የምግብ ትራፊው በሌላ፣ ያለቀ ባትሪ ለብቻው። ጆንያዎቹ አፋቸው በሲባጎ ታስሮ፣ በላያቸው በእስክሪብቶ ተጽፎባቸው ነበር። ደስ ብሎን ጫንን። የገለበጥነው ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረማ። የግቢው ጽዳት ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ ብዙም ሳይቆይ መለየቱን ተዉት። እኔ አልፈርድባቸውም።

ካምፑ ዘይቱን በርሜል ውስጥ ቢያጠራቅም ከዚያስ? ወይ ይደረደርና የእሳት ሥጋት ይሆናል፣ ወይ በጓሮ ይወጣል። ሰው ገዝቶ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ ዝናብ ሲመታው ተመልሶ መሬት ይገባል። ባትሪውማ የባሰ ነው። የሚገዛው ሰው አሲዱን ይደፋና እርሳሱን በከሰል ያቀልጠዋል፤ አጠገቡ ልጆች ይጫወታሉ። እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። እንዲህ ከሆነ ካምፑ ጸዳ የምንለው ቆሻሻውን ለሰፈሩ አስረክቦ ነው።

ስለ ካምፕ ሌጁንም አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ አንደኛውን የመኖሪያ ሰፈር ውሃ የበከለው ከአጥሩ ውጪ የነበረ የልብስ ማጠቢያ ነው። አጥር ከርሰ ምድር ውሃን አይለይም። ለዚህ ነው መድረሻው ይቅደም የምለው።

መካኒኩ፦

ልጄ፣ ስለ ባትሪው እውነትሽን ነው። ያን በደንብ አላሰብኩበትም ነበር።

ግን መድረሻው እስኪሠራ ስንት ክረምት ይለፍ? ደግሞ ሁሉም ቆሻሻ ተረካቢ አይፈልግም። የካምፕ ወጥ ቤትን አስቢ። ያን ሁሉ ሰው ለመመገብ ስንት ሸክም እንጨት ይነዳል! የሩዋንዳ እስር ቤቶች ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ባዮጋዝ አውጥተው ያበስሉበታል፤ ሥራውን የሠራላቸው የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2005 በፈረንጆቹ አሽደን የሚባለውን የንጹሕ ኃይል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። የተረፈው ዝቃጭ ማዳበሪያ ይሆናል። ካምፕም አንድ ግቢ፣ ብዙ ሰው፣ አንድ ወጥ ቤት ነው። ለዚህ የማንም መኪና አይጠበቅም። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን ለጎንደር ሰው አልነግርም፤ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር አፈሩ ወዴት እንደሚወርድ ሁላችንም እናየዋለን።

ሌላው ዲሲፕሊን ነው። እኛ ተኩስ ልምምድ ወጥተን ስንመለስ ቀለሃ ቆጥረን እናስረክባለን። አንድ ቢጎድል ሳር እየገለጥን ስንፈልግ እናመሻለን። ቀለሃ የሚቆጥር ሠራዊት ዘይት መቁጠር እንዴት ያቅተዋል? ስንት ሊትር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ጎደለ። ይህ መዝገብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የማኅበሯ ሠራተኛ፦

በወጥ ቤቱ ተሸነፍኩ ጋሼ። ባዮጋዙ ነገ ይጀመር።

በቀለሃው ግን አልስማማም። ቀለሃ የሚቆጠረው ወታደሩ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ፈርሞ የሚረከብ ስላለ ነው። ለዘይቱ ያ ሰው ማነው? የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ሰጥቶታል። የካምፕ በር ላይ ግን ዘብ አለ። የጸጥታ ጉዳይ መሆኑ ይገባኛል፣ ማንም መሣሪያ ግምጃ ቤት ይግባ አላልኩም። የዘይቱ መዝገብ ግን ወደ እኛ ይውጣ። ዘይት የሚያቀርበው ነጋዴም አሮጌውን ዘይትና ባትሪ መልሶ እንዲወስድ ጨረታው ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍበት። ይህ ውል ሳይፈረም በርሜል መሙላት ከጀመርን፣ የመጀመሪያው በርሜል ሲሞላ እኛ ማኅበር በር ላይ ይመጣል። እኛ ደግሞ ያለን ያው አንድ ጉድጓድ ነው።