የባጃጁ ሒሳብ የት ገባ?

ዩኒቨርሲቲዎች ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የሚነሳው የአዳራሹ መወጣጫ ነው። ተገቢ ነው፤ የሕንፃ ሕጉም ያዛል። የሚብሰው ጉድለት ግን ሠልጣኙ በሚሞላው የንግድ ዕቅድ ቅጽ ላይ ነው።

ቅጹ ለጥሬ ዕቃ፣ ለኪራይና ለግብር ቦታ አለው፤ አካል ጉዳት ለሚያስከትለው ወጪ ግን የለውም። የዊልቸር ተጠቃሚ የሆነች ሠልጣኝ ፈሳሽ ሳሙና ልታመርት አሰበች እንበል። በወር 30,000 ብር ትሸጣለች፤ ጥሬ ዕቃና ማሸጊያ 16,000፣ ኪራይ 5,000 ይወስዳል። 9,000 ተረፈ ተብሎ በወር 3,500 የሚከፈልበት ብድር ይጠየቃል። ቅጹ ያልጠየቀው ወጪ ግን አለ፦ ታክሲው ዊልቸር ሲያይ አይቆምም፤ ስለዚህ ባጃጅ በኮንትራት፣ በቀን 150፣ ለ26 ቀን 3,900 ብር። ጄሪካን ለሚያወርድላት ልጅ 2,500። የሚተርፋት 2,600 ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ወር 900 ብር ጎደለ። ብድሩ ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው እንጂ ቅጹ ላይ አይደለም።

ለእነዚህ ወጪዎች ቅጹ ላይ ረድፍ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ዕቅዱ ራሱ ይለወጥ ነበር፦ ጥሬ ዕቃው በሁለት ሳምንት አንዴ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ምርቱን ባለሱቁ መጥቶ ይረከባል፣ ብድሩም አንሶ የእፎይታ ጊዜው ይረዝማል።

የማስተማሪያ ጽሑፉም ሌላ ጣጣ ነው። ስካን ተደርጎ የተላከ ፒዲኤፍ ለስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው ሶፍትዌር) ፎቶ ብቻ ስለሆነ ዓይነ ሥውሩ ሠልጣኝ ምንም አይሰማም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ፋይል ደግሞ ይብሳል፤ ከጀርባው ያለው የላቲን ኮድ ነውና ሶፍትዌሩ ትርጉም የለሽ ፊደል ይለፈልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ተይቦ በዎርድ መላክ፣ ስክሪን ሪደሩ እንዳይምታታበት በኤክሴል ሠንጠረዥም ሕዋሶችን (ሴሎችን) አለማዋሐድ። ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች እንደ «የእርጅና ቅናሽ» (ዕቃ በአገልግሎት ብዛት የሚያጣው ዋጋ) ያሉ ቃላት ዝርዝር ቀድሞ ይድረሳቸው። አስተርጓሚዎቹ ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ካልተቀያየሩ ይደክማሉና ከሰዓት በኋላ ግማሹ ትምህርት መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሥርዓተ ትምህርቱ የሚዘለል አንድ የሕግ ጉዳይም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 መሠረት የዓይነ ሥውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ፈራሚውን አያስገድደውም። የታሰበው ለጥበቃ ነበር፤ ሆኖም ሕጉን የሚያውቅ አከራይ ወይም አበዳሪ ውሉን ይሸሸዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ውሉን ይዞ ሰነዶች ማረጋገጫ መሄድን፣ ከመፈረሙ በፊትም ጽሑፉን በስክሪን ሪደር ማዳመጥን እዚያው ሥልጠናው ላይ ይለማመድ። ለዚህ ግማሽ ቀን ይበቃል።